ጅብ የሆንኩበት ቅዳሜ

ልጄ የነገረችኝ ኮቷን ግማሽ ለብሳ፣ አንዱ እጅጌ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ፣ በሩ ላይ ቆማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሞንትቤሎ ሰፈር ወዳለው ቤት ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። ደጁ ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ፣ ተመልሶ ጠጥሮ፣ ሰው ለመጣል ተዘጋጅቷል።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለችኝ።

«ምን ችግር አለው፣ ተናገሪ።»

«ዛሬ የልጄ ጓደኞች ለጨዋታቸው ሲመጡ ከጠረጴዛው አይራቁብኝ። አብረዋቸው ይቀመጡና የሚያደርጉትን ይዩልኝ።»

«ሲጽፉና ሲስቁ ነው የማያቸው። ሌላ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔም እሱን ነው ያላወቅኩት» አለችና ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ላንድሪ ስታደርግ ከልጇ ሱሪ ኪስ ያገኘችው ነው። ዘረጋችልኝ። የተሳለችው የልጅ ልጄ ናት፤ መነጽሯ፣ ሹሩባዋ፣ ሁሉ ነገሯ የእሷ ነው። ግን ከሹሩባዋ መሃል ሁለት የቆሙ ጆሮዎች ወጥተዋል፤ ከቀሚሷ ሥር ደግሞ ወፍራም ጸጉራም ጅራት።

«ምንድን ነው ስላት፣ እኔ ነኝ አለችኝ። ቀበሮ ነኝ፣ ግን ሰው መሆን እችላለሁ አለችኝ። አባዬ፣ እንዲህ ያለው ነገር ምን ይባላል? የጸሎት ቡድናችን እህቶች፣ መንፈስ የሚጠራ ጨዋታ አለ፣ ልጆቻችሁን ጠብቁ ብለውናል። ይኼ እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ልጆቹ በሚመጡበት ሰዓት ደግሞ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔስ ምን አውቃለሁ ብለሽ ነው?»

«እርስዎ ሰው ያውቃሉ። መጥፎ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ዛሬውኑ ይቆማል። መጥፎ ካልሆነም ይንገሩኝ። እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው።»

ሁለተኛውን እጅጌ አጠለቀችና ወደ እንግልውድ ሄደች። እዚያ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ።

ነገሩ ቀላል እንዳልነበረ ልንገራችሁ። አውሮራ አፓርታማ ውስጥ ስንኖር ኮሪደሩ የልጆች ነበር። የልጅ ልጄ ባንዱ በር ገብታ በሌላው ትወጣለች፤ እራቷን የት እንደበላች እንኳ የማናውቅበት ቀን ነበር። ከዚያ ቤት ተገዛ፣ ጓሮ ተገኘ፣ እሷ ግን ዝም አለች። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ «ሃይ አባባ» ትላለች፣ በሯን ትዘጋለች። መጸዉን በሙሉ እንዲህ ሆነ። አባቷ የጭነት መኪና ነጂ ነው፣ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ሲል ከርሞ ነው የሚመጣው። እናቷ ልብስ የምታጥፍ መስላ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር፤ የሚሰማ ነገር የለም። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሁለት ልጆች መጡና ከምግብ ጠረጴዛው በኩል ሳቅ ሰማሁ። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ፣ የሳቀችው እሷ መሆኗን አጣራሁ። እሷ ናት።

እነዚያ ልጆች ከቀሩ በሩ ተመልሶ እንደሚዘጋ አውቄዋለሁ። መንፈስ የሚጠራ ነገር ከሆነ ደግሞ አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ስለዚህ ያን ቀን ጠረጴዛው ጋ የተቀመጥኩት እንደ ዳኛ ነው። እኔ ዳኛ ሆኜ አላውቅም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዳውንታውን ፓርኪንግ ነበር የምሠራው፤ ሰው መኪናውን የት ፓርክ እንዳደረገ ሲጠፋበት አብሬው እፈልጋለሁ እንጂ ለማንም ፍርድ ሰጥቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ የለመድኩት ደግሞ በመኪና መስኮት በኩል ነው፤ የማውቀው ሁሉ አጭር አጭር ነው።

ልጆቹ መጡ። አንዷ ረጅም ናት፣ ጥርሷ ላይ ሽቦ አለ፤ እናቷ ከልጄ ጋር ነው የምትሠራው። ጨዋታውን የሠራችው እሷ ራሷ ናት፤ ከሌላ ከምታውቀው ጨዋታ ቀንሳ፣ ከራሷ ጨምራ። ሌላው የጎረቤታችን የኤርትራዊው ታክሲ ነጂ ልጅ ነው። ወረቀታቸውን ዘረጉ፣ ባለቀለም እርሳስ አወጡ። መሃል ላይ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የልብስ ቁልፍ አስቀመጡ። እኔ ራቅ ብዬ ልቀመጥ ስል የልጅ ልጄ ወንበር ሳበችልኝ።

«አባባ፣ ካየህ መጫወት አለብህ። ዝም ብሎ ማየት ክሪፒ ነው፣ ያስፈራል።»

ለሁሉም ሰው «አንተ»ና «አንቺ» ነው የምትለው። እዚህ ተወልዳ እርስዎ ማለት አልሆንላት አለ፤ እኔም ትቼዋለሁ።

«እሺ፤ ምን ላድርግ?»

«እንስሳ ነህ።»

«እኔ?»

«ሁላችንም። ግን ሰው መሆን ትችላለህ፣ ለትንሽ ጊዜ። ሰው ለመሆን ይቺን ቁልፍ ትከፍላለህ። ከፈራህ ጅራትህ ይወጣል።»

«ቁልፉን ማን ይሰጠኛል?»

«እኛ። የሆነ ነገር ስታደርግ ደስ ካለን ወደ አንተ እንገፋለን።»

«ምን ሳደርግ?»

«የሆነ ነገር።»

ተያየን። «ጥሩ» አልኩ፣ «የሚያሸንፈው ማን ነው?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም? ታዲያ በምን ታውቃላችሁ ማለቁን?»

በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። ረጅሟ ልጅ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየለቀመች፣ እኔ እንዲገባኝ አድርጋ መለሰች፤ ታሪኩ ውስጥ ያዘነ ሰው አለ፣ እሱ ደስ ሲለው ያልቃል አለችኝ። እኔ የማውቀው ገበጣ ነው። ገበጣ ላይ የሰው ጠጠር ካልበላህ ምን ጨዋታ አለ? ዳማም ያው ነው። ይኼ ግን የሚበላ የለው፣ የሚበላበት የለው። መጥፎ ነው እንዳልል ክፋቱን አጣሁት። ጥሩ ነው እንዳልልም ጨዋታ መሆኑ ራሱ አልገባኝም።

«አባባ፣ እንስሳህን ምረጥ» አለች የልጅ ልጄ። እሷ ቀበሮ ናት። የጎረቤቴ ልጅ ዳክዬ ነው።

«ጅብ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። በግ ማለት ይቻል ነበር። አፌ ቀደመኝ።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። አገሩ ሁሉ በእሱ ማረሻ ያርሳል፤ አገሩ ሁሉ ደግሞ ቀን ሰው ነው፣ ማታ ጅብ ነው ይለዋል። ቡዳ ናቸው ይሉናል። እገሌ መንደር አንድ ጅብ ተገደለና ጆሮው ላይ የወርቅ ሎቲ ተገኘ፣ ሎቲውም የእገሌ ቀጥቃጭ ነበር ብለው ያወራሉ። ሎቲውን ያየ ሰው አላጋጠመኝም፤ ያየ ሰው የሚያውቅ ግን ብዙ ነበር። ሰው ሲበላ ዐይናችን ካረፈበት ይታመማል ስለሚባል እናቴ ሰው ማዕድ ፊት እንዳንቆም፣ ስንበላም ፊታችንን ወደ ግድግዳ እንድናዞር አስለምዳን ነበር። ዛሬም ሳላስበው ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ኪችኑ ካቢኔት አዙሬ ነው የምበላው። ልጄ ሁልጊዜ ትቆጣኛለች።

ልጅ ሳለሁ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው የእግሬን ውስጥ ነበር። ጭቃ ይኖር ይሆን እያልኩ። ሄጄ እንዳልነበር በምን አውቃለሁ? ተኝቼ ነበር። አባቴን ብጠይቀው ጥሩ ነበር፤ ግን ይኼ አባት የሚጠየቀው ነገር አይደለም።

ረጅሟ ልጅ ይኼን ሁሉ ከየት ታውቃለች። ጅብ ስል በደስታ ተነሣች። ጅብ የመረጠ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። «ደግ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ማን?»

«ጅቡ።»

«እኔ እንዴት አውቃለሁ?»

«ያንተ ነው እኮ» አለች የልጅ ልጄ፣ «አንተ ነህ የምትወስነው።»

ለእኔም አንድ ወረቀት አቀረበች። ወረቀቴ ላይ እሷው «ደግ» ብላ ጻፈችልኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ጫፍ አንዲት ሴት ትኖራለች፤ በሯን ዘግታለች፣ ለማንም አትከፍትም። ሰዉ ፖም ለቅሞ ድግስ ሊደግስ ነው። እንስሳቱ ያቺ ሴት ከድግሱ እንድትቀር አልፈለጉም። ቀበሮዋ መስኮቱ ሥር ሄዳ ዘፈነች፤ የልጅ ልጄ እውነትም ዘፈነች፣ በቀጭን ድምፅ፣ ዐይኗን ጨፍና። አልተከፈተም። ዳክዬው ከወንዝ ዓሣ አምጥቶ ደጇ ላይ አስቀመጠ። አልተከፈተም። ቁልፉ ግን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እንስሳ ሆኜ ነው ወይስ ሰው ሆኜ የምሄደው?»

«እንደፈለግህ።»

«በጅብነቴማ ማን ይከፍትልኛል። ሰው ሆኜ ነው» አልኩ። የልጅ ልጄ የራሷን ቁልፍ ገፋችልኝ። «ደግሞ ብቻዬን አልሄድም። ሽማግሌ ብቻውን አይላክም። ሦስታችንም ሰው ሆነን እንሂድ።»

«ሄደን ምን እናደርጋለን?» አለ ልጁ።

«ደጇ ላይ እንቀመጣለን። ግቡ ሳንባል አንገባም። ምን ልትሉ መጣችሁ ትለናለች፣ በትሕትና እንነግራታለን። እምቢ ትላለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ቤታችን።»

ልጁ አፉን ከፈተ። «ዝም ብለን?»

«ዝም ብለን። በሌላ ቀን ደግመን እንመጣለን። ባንድ ቀን እሺ የሚል ሰው አለ እንዴ? እሷም ክብር አላት፣ እኛም የተላክን ሰዎች ነን።»

የልጅ ልጄ ይኼን ለረጅሟ ልጅ ለመተርጎም ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ረጅሟ ልጅ ወረቀቷን ገለበጠች፤ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈችም። «እንግዲያው ዛሬ አልከፈተችም ማለት ነው?» አለች።

«አልከፈተችም። አታስቸግሯት።»

ጨዋታው እዚያው ቆመ። በየቅዳሜው አንድ ታሪክ ይጨርሱ ነበር አሉ፤ ይኼ ሳያልቅ አደረ። አበላሸሁባቸው ብዬ ልነሣ ስል ሦስቱም ቁልፍ እየገፉ ፊቴ ከመሩልኝ።

«ምን አደረግኩ?» አልኩ።

«ደስ አለን» አለች የልጅ ልጄ።

ምኑ ደስ እንዳላቸው ስላልገባኝ ቁልፎቹን ወደ ቆርቆሮው መለስኳቸው። አይመለስም ብለው እንደገና ሰጡኝ።

የጎረቤቴ ልጅ አባት ሊወስደው መጣ። በልጅነቱ በአማርኛ የተማረ ነው፤ ከእኔ ጋር ሲያወራ ደስ ይለዋል። «አባባ፣ እርስዎም ገቡበት?» አለኝ።

«የገባሁበት ይመስለኛል። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።»

«የእኔው ዳክዬ ነው አሉ። ጀግና ወለድሽ ብዬ እናቱን ስንት ቀን ሳወድስ ከርሜ፣ ዳክዬ ሆኖልኝ አረፈው!»

«ኳክ» አለው ልጁ። እየሳቁ ሄዱ። እንዴት እንዲህ ቀለለው ብዬ በመስኮት አየሁት።

እራት ላይ ሾርባ ነበር። ልጄ ከሥራ መጥታ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። እኔ እንደ ልማዴ ካቢኔቱ ጋ ቆሜአለሁ።

«ማሚ፣ አባባ ቤስት ነበር!» አለች የልጅ ልጄ። «ጅብ ሆነ!»

ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ምን ሆነ?»

«ጅብ! ሰው ሆኖ ሄደ፣ ግን ጅብ ነው። ራሱ ነው ፒክ ያደረገው!»

ልጅቷ የቤት ሥራዋን ልትሠራ እስክትነሣ ድረስ እናቷ አልተናገረችም። ከዚያ ሳህን ልታጥብ ቧንቧውን ከፈተች። «ጅብ ሆኑ?» አለችኝ ወደ ውሃው እያየች።

«በጨዋታ ነው።»

«ከእንስሳ ሁሉ?»

«ሌላ አልመጣልኝም።»

«በግ አለ። ርግብ አለች። አባዬ፣ ርግብ ምን አደረገችዎት?»

ቧንቧውን ዘጋችው። ስታገባ የባሏ ወገኖች ዘራችንን እስከ ትውልድ መንደራችን ድረስ ሰው ልከው አስጠይቀው ነበር። ሠርጉ ሊቀር ለጥቂት ነው። ለባሏ ምስጋና ይግባውና አልቀረም፤ ግን ቤቱ ውስጥ ቡዳ የሚለው ቃል ሁለተኛ ተነሥቶ አያውቅም።

«ለልጄ ያንን ስም አልነገርኳትም» አለችኝ። «እንዳትሰማው ነው። ከእርስዎ አፍ ትስማው?»

«እሷ ምንም አልሰማችም። ጅብ ለእሷ እንደ ዳክዬው ነው።»

«እሺ፤ ጨዋታው መጥፎ ነው ወይስ አይደለም?»

ይኼን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ስጠብቀው ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

«አባዬ!»

«እውነቴን ነው። ማን እንዳሸነፈ እንኳ አላወቅኩም። መንፈስ ሲጠሩ አላየሁም፤ ዘፈን ዘፍነዋል። ሰው ሲጎዱ አላየሁም፤ ለሴትዮዋ ዓሣ ወስደዋል፣ እሱም በአፍ ነው። ሰው ግን እንስሳ ይሆናል። እንስሳም ሰው ይሆናል። ይኼን ምን ብዬ ልንገርሽ?»

እጇን በፎጣ አደረቀች፣ ደርቆም አልተወችውም። «የሚመጣውን ቅዳሜ ሽፍት ቀይሬ ራሴ እቀመጣለሁ» አለች። «እኔም አላውቅም ካልኩ ይቆማል። የማላውቀውን ነገር ቤቴ ውስጥ አላስቀምጥም።»

ልጅቷ ሰምታለች። በማግስቱ ደጁ ላይ በረዶውን በተረከዟ እየሰበረች አገኘኋት።

«ማሚን ምን አልካት?»

«አላውቅም አልኳት።»

«ለምን? ጥሩ ነው በላታ!»

«ጥሩ መሆኑን አላወቅኩማ።»

«አንተ ራስህ አልወደድከውም?»

አሰብኩ። «እሱንም ገና አላወቅኩም» አልኳት።

«አባባ፣ ሰው እኮ የወደደውን ያውቃል» አለችኝና ገባች። በሯን ቀስ ብላ ዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር። ያንን ድምፅ ከመጸዉ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ሳምንቱን ሁሉ ለልጄ የምለውን ፈለግኩ። ጥሩ ነው ማለት ከንፈሬ ላይ ይመጣል። ግን ሳላውቅ ጥሩ ነው ብል፣ ሳያውቁ መጥፎ ናቸው ካሉን ሰዎች በምን እለያለሁ? እዚህ ላይ ስደርስ ይጠፋኛል፤ ተመልሼ እጀምራለሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ልጄ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ኮቷን አላወለቀችም፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፤ ባስ የምትጠብቅ ትመስላለች። የጎረቤቴ ልጅ ቺፕሱን እንኳ ሳያንኮሻኩሽ ነው የሚበላው። ረጅሟ ልጅ ታሪኩን ጀመረች፤ ያቺው ሴት፣ ያው የተዘጋ በር፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ደግመው መጥተዋል። ትንሽ ሄደችና ቆመች። ወደ ልጄ ዞራ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጣም በትሕትና፣ ሴትዮዋን ይሆኑልን ይሆን አለቻት። ሁሉንም ሰው እኔ መሆን ደክሞኛል አለች።

የልጅ ልጄ ጠረጴዛውን አየች። እኔ ቆርቆሮውን አየሁ።

«እንስሳ ናት?» አለች ልጄ።

«አይደለችም። ሰው ናት። እሷ አትቀየርም።»

«ሰው ብቻ?»

«ሰው ብቻ። ለምን በሯን እንደዘጋችም እርስዎ ይወስኑ። ቤቱ የእርስዎ ነው።»

ልጄ ቦርሳዋን ከጭኗ አንሥታ መሬት አስቀመጠች። እሺም እምቢም አላለችም። ልጁ ግን ጠረጴዛውን በጣቱ አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ልጄ። በአማርኛ ነው የወጣባት።

የልጅ ልጄ ቀና አለች። «እኛ ነን» አለች፣ እሷም በአማርኛ።

«እኛ ማን?»

«ሰፈር ነን። ሽማግሌ ነን።»

«የእናንተ ሽማግሌ ስንት ዓመቱ ነው?»

ልጆቹ ሳቁ፤ ለረጅሟ ልጅ ተረጎሙላት፣ እሷም ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም፤ ግን የኮቷን አንገት ፈታ አደረገች።

«ለምንድን ነው በሩን የዘጋሽው?» አለች የልጅ ልጄ።

ረጅሟ ልጅ ልጄን አላጣደፈቻትም። ከጓሮ በኩል የቀለጠ በረዶ ከጣሪያ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ሰው ስለሚያወራ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ስለ አንቺ?»

«ስለ አባቴ። ስለ አያቴም።»

«ምን አደረጉ?»

«ምንም አላደረጉም። አያቴ ብረት ይሠራ ነበር። ማረሻ ይሠራ ነበር። በቃ፣ ሌላ አላደረገም።»

የልጅ ልጄ ታሪኩን ነው የሰማችው መሰለኝ፤ ወይም አይደለም። ማን እንደተናገረና ስለ ማን እንደተናገረ ተምታታብኝ። ረጅሟ ልጅ የተተረጎመላትን ሰምታ ወደ እኔ ዞረች። «ጅቡ ይኼን ሰማ» አለች። «ሰው ሆኖ ደጅ ላይ ተቀምጧል። ጅቡ ፈርቷል?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ጨዋታ ነው።

«ፈርቷል» አልኩ።

«እንግዲያው ጅራቱ ወጣ።»

ልጁ «ኦ ኖ» አለ። ልጄ ተመለከተችኝ፤ ያን ሳምንት ፊት ለፊት ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም እጄን የት እንደማደርገው አጣሁና ከወንበሩ ኋላ ወሰድኩት፣ እንደሚሸፍን ሰው።

«የምን ጅራት ነው?» አለች።

«የጅብ» አልኩ።

«ጆሮውስ? ሎቲ አለው?»

የሎቲውን ወሬ እኔ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። ከነዚያ ዘር ጠያቂዎች ነው የሰማችው፣ ሌላ ከየት ይሆናል። ይኼን ያህል ዓመት ይዛው ኖራለች።

«እኔ እስከማውቀው የለውም» አልኳት።

«አይተውት ያውቃሉ?»

«ጠዋት ጠዋት አይ ነበር። እግሬን ነው የማየው። ጭቃ አልነበረም።»

ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም። ልጆቹም አልለዩም። ከዚያ ልጄ እጇን ዘረጋች፣ አየር ላይ የበር መያዣ ያዘች፣ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ደጅ ብርድ ነው» አለች። «ጅራትዎን ሰብሰብ አድርገው ይግቡ።»

ሦስቱ ልጆች ባንድ ጊዜ ጮኹ። ቁልፎች ወደ እሷ ተንሸራተቱ፤ መጀመሪያ የገፋችው የልጅ ልጄ ናት። ልጄ ቁልፎቹን አየቻቸው። «ይኼ ምንድን ነው? ምን አደረግኩ?»

«ደስ አለን» አልኳት እኔ። ሌላ ማብራሪያ አላውቅም ነበር።

ፖሙ ተበላ፣ ድግሱ ሆነ፣ ታሪኩ አለቀ። ልጆቹ ሄዱ። ልጄ ኪችን ገብታ ሾርባ አሞቀች፤ ኮቷ ወንበሩ ላይ ነው። የልጅ ልጄ መሃል ላይ ቆማ እናቷን ትጠብቃለች፤ ምን እንደምትጠብቅ ሦስታችንም እናውቃለን።

«የሚመጣው ቅዳሜ ሽፍቴ አይቀየርም» አለች ልጄ ድስቱን እያማሰለች። «አባዬ፣ እርስዎ ይቀመጡላቸው።»

ልጅቷ ወደ ክፍሏ ሮጠች፣ ስልክ አነሣች፣ ለረጅሟ ልጅ በእንግሊዝኛ ታወራ ጀመር። ሁሉ ነገሯ ይሰማል። በሩን አልዘጋችውም።

እኔ ሳህኔን ይዤ ካቢኔቱ ጋ ቆምኩ። አንድ ነገር አስጨንቆኛል። ይግቡ ያለችኝ ልጄ ናት ወይስ ያቺ የወንዝ ዳር ሴት? ጨዋታው መቼ ጀምሮ መቼ እንዳለቀ፣ የቱ ጋ እኔ እንደነበርኩ፣ የቱ ጋ ጅቡ እንደነበረ መለየት አልቻልኩም። አላስችል አለኝና ጠየቅኳት።

«ማን ናት ይግቡ ያለችኝ? አንቺ ነሽ ወይስ ሴትዮዋ?»

«አባዬ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለችኝ። «ወደዚህ ዞረው ይብሉ።»

ዞርኩ። ማንኪያውን በየትኛው እጄ እንደምይዘው ትንሽ ጠፍቶኝ ነበር።